«ስኬሪ» ወይስ «ክሪፒ»? ለሚያስፈራ ነገር ትክክለኛውን የእንግሊዝኛ ቃል መምረጫ

መዝገበ ቃላት ገልጣችሁ «ስኬሪ»ን ፈልጉ። «አስፈሪ» ይላችኋል። «ፍራይትኒንግ»ን ፈልጉ፣ እሱም «አስፈሪ» ነው። «ስፑኪ»፣ «ክሪፒ»፣ «ኢሪ»፣ «ቴሪፋይንግ»፤ ሁሉም ዞሮ ዞሮ «አስፈሪ»። ታዲያ ሁሉም አንድ ከሆኑ ፈረንጆቹን ይሄን ሁሉ ቃል ምን አሸከማቸው?

አንድ አይደሉማ። እስቲ ጅማን አስቡ። ማታ ወደ ቤት ስትገቡ መንገድ ላይ ፊት ለፊት የቆመ ጅብ አለ። ጅሬን ላይ ጎብኚው ሁሉ ከወረደ በኋላ ጭር የሚል የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ የጊቤ ቁልቁለት አለ። ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ በቴሌግራም «ተኛሽ እንዴ? ዛሬ የለበስሽው ቀሚስ ያምር ነበር» ብሎ የሚጽፍ የማይታወቅ ሰው አለ። አራቱም ያስፈራሉ። በእንግሊዝኛ ግን አራቱንም በአንድ ቃል ብትጠሯቸው ሰሚው ሌላ ነገር ይረዳል።

ብዙ ሰው እነዚህን ቃላት በፍርሃት መጠን ሊደረድራቸው ይሞክራል። ትንሽ የሚያስፈራው ይሄ፣ በጣም የሚያስፈራው ያ። ለሁለት ሦስቱ ይሠራል፣ ለቀሩት ግን አይሠራም። እኔ የምለው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። አደጋው የምር አለ ወይ? ካለስ ከየት ነው የሚመጣው? ጅቡ ይነክሳል፣ የታወቀ ነው። ባዶው አዳራሽ ማንንም አይነክስም። የቴሌግራሙ ሰውዬ ደግሞ ይንከስ አይንከስ አይታወቅም። ቃላቱ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

የፈራው ማን ነው?

ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናጥራ። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ሳይቀር «አይ አም ስኬሪ» የሚል ሰው ሞልቷል። «ፈርቻለሁ» ማለቱ ነው። ያለው ግን «እኔ አስፈሪ ሰው ነኝ፣ ያየኝ ሁሉ ይደነግጣል» ነው። ፈታኙ ፊት ተቀምጦ እንዲህ ማለት ትንሽ ያስቃል።

ትክክለኛው «አይ አም ስኬርድ» ነው። «ስኬርድ» የፈራው ሰው ነው፣ «ስኬሪ» ያስፈራው ነገር። «ፍራይትንድ» የፈራው፣ «ፍራይትኒንግ» ያስፈራው። «ቴሪፋይድ» የራደው፣ «ቴሪፋይንግ» ያራደው።

ይሄ ለአማርኛ ተናጋሪ ከባድ መሆን አልነበረበትም። እኛም ጋ ልዩነቱ አለ፣ ያውም ጥርት ብሎ። ፈራ፣ አስፈራ። ደነገጠ፣ አስደነገጠ። ጨነቀ፣ አስጨነቀ። እኛ ከፊት «አ» ወይም «አስ» እንጨምራለን፣ እነሱ ከኋላ ጭራውን ይቀይራሉ። ስለዚህ በአማርኛ አስባችሁት «አስ» ከመጣ በእንግሊዝኛ «ስኬሪ» ወይም «ኢንግ» ያለው ነው። «አስ» ካልመጣ «ድ» ያለው ነው። «ፈርቻለሁ» ውስጥ «አስ» የለም፤ «ስኬርድ»። «ፊልሙ ያስፈራል» ውስጥ አለ፤ «ስኬሪ»። ሌላ ሕግ መሸምደድ አያስፈልግም።

«አፍሬድ» የሚባለው ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ትርጉሙ ከ«ስኬርድ» ጋር ይቀራረባል፣ ግን ከስም በፊት አይገባም። «ልጁ አፍሬድ ነው» ይባላል፣ «አፍሬድ ልጅ» አይባልም። ከስም በፊት ሲሆን «ፍራይትንድ» ወይም «ስኬርድ» በሉ።

ሌላው እኛን የሚያጋልጠን «አይ ፊር» ነው። በአማርኛ «ጅብ እፈራለሁ» ስለምንል በቀጥታ ወደዚያ እንሄዳለን። ሰዋስዉ ልክ ነው። ግን የመጽሐፍ ቋንቋ ነው፣ ሰው ሻይ እየጠጣ እንዲህ አይልም። «አይ አም ስኬርድ ኦፍ» ወይም «አይ አም አፍሬድ ኦፍ» ነው የሚባለው። መሃል ያለችው «ኦፍ» ናት። «ፍሮም» አትግባ።

መደበኛው «ስኬሪ»፣ ከፍ ያለው «ቴሪፋይንግ»

ምንም ካላወቃችሁ «ስኬሪ» በሉ። ለጅብ ይሆናል፣ ለፊልም ይሆናል፣ ለፈተና ይሆናል፣ ለሐኪም መርፌ ይሆናል። የንግግር ቃል ነው፣ ልጅም ይለዋል አዋቂም ይለዋል። «ፍራይትኒንግ» ያው እሱ ራሱ ሱፍ ለብሶ ነው። ጽሑፍ ላይ፣ ዜና ላይ፣ የክፍል ድርሰት ላይ እሱን ምረጡ። በሁለቱ መካከል ከዚህ ያለፈ ጊዜ አታባክኑ።

«ቴሪፋይንግ» ላይ ግን መጠን አለ። ከጅማ ተነስታችሁ ሰኮሩን፣ ሳጃን፣ አበልቲን አልፋችሁ ወደ ጊቤ ስትወርዱ መንገዱ ራሱ ይጠማዘዛል። በመስኮት ስታዩ ገደሉ ከእግራችሁ ሥር ያለ ይመስላል። ይሄ «ስኬሪ» ነው። እዚያው ቁልቁለት ላይ ከፊት የሚመጣው አይሱዙ ሌላ መኪና ቀድሞ የእናንተን መሥመር ቢይዝ፣ ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ተሳፋሪው ሁሉ «ወይኔ!» ቢል፣ ያ «ቴሪፋይንግ» ነው። ልብ ያርዳል የምንለው።

«ቬሪ ቴሪፋይንግ» አትበሉ። ቃሉ ራሱ «በጣም»ን በውስጡ ይዟል። ማጠናከር ከፈለጋችሁ «አብሶሉትሊ ቴሪፋይንግ» ይባላል። ከ«ስኬሪ» ጋር ግን «ቬሪ» በደንብ ይሄዳል።

አንድ የሚጣፍጥ ነገር አለ። እኛ ጎበዝ ተማሪ ስናይ «ይሄ ልጅ ያስፈራል እኮ!» እንላለን። ፈርተነው አይደለም፣ አድንቀነው ነው። እንግሊዝኛም ይሄን ያውቀዋል። «ስኬሪ ስማርት»፣ «ስኬሪ ጉድ» ይላሉ። እዚህ ላይ በድፍረት ከአማርኛ ቀድታችሁ መናገር ትችላላችሁ። ለጓደኛ ብቻ ነው ታዲያ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ላይ አይጻፍም።

«ስፑኪ»፦ ግርማ ሌሊት ያለበት

እዚህ ጋ ትንሽ ቆይታ እናድርግ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ያለቦታው የሚገባው ይሄ ነው።

ማታ መብራት ጠፍቷል። ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው እየተቀዳ ነው። ብርሃን ያለው የከሰሉ ፍም ብቻ ነው፣ የጀበናው ጥላ ግድግዳው ላይ አንገቱን አርዝሟል። ከትልልቆቹ አንዱ ስለ ጂን ማውራት ይጀምራል። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ እናታቸው ቀሚስ ይጠጋሉ። አንዷ «አቦ ተው እንጂ!» ትላለች፣ ግን አትሄድም። ሲያቆም ደግሞ «ከዚያስ?» የምትለው እሷው ናት።

ይሄ «ስፑኪ» ነው። መንፈስ አለ፣ ሌሊት አለ፣ ጥላ አለ። የምር አደጋ ግን የለም። እንዲያውም ትንሽ ደስ ይላል። ቃሉ የመጣው «ስፑክ» ከሚል የደች ቃል ነው፣ ሙት መንፈስ ማለት ነው። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሜሪካ በኩል ነው። ዛሬም ያንን ጠባዩን አልተወም። መንፈስ ወይም መንፈስ የሚመስል ነገር ከሌለ «ስፑኪ» አይመጣም።

ስለዚህ የመኪና አደጋ «ስፑኪ» አይደለም። የወባ ወረርሽኝ «ስፑኪ» አይደለም። እንዲህ ብትሉ በሰው ሞት የምትቀልዱ ነው የሚመስለው።

ቃሉን ሶሻል ሚዲያ ላይ በብዛት የምታዩት በፈረንጆቹ ኦክቶበር ነው። ኦክቶበር 31 ሃሎዊን ነው፣ በኛ ጥቅምት 21 አካባቢ። ጅማ ቡና ለቀማ ልትጀምር ስትል እነሱ ዱባ ፈልፍለው ሻማ ያበሩበታል። ወሩን በሙሉ «ስፑኪ ሲዝን» ይሉታል። ያ ሁሉ አጽምና የሸረሪት ድር ለጨዋታ ነው። እኛ ልጅን «አያ ጅቦ መጣልህ!» ብለን እንደምናስፈራራው ዓይነት ነው።

አልበርት አንስታይን ራሱ ይሄን ቃል ለፊዚክስ ተጠቅሞበታል። በ1947 ለፊዚክስ ሊቁ ለማክስ ቦርን በጀርመንኛ በጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ የተራራቁ ሁለት ቅንጣቶች እርስ በርስ የተሳሰሩ የሚመስሉበትን ሁኔታ ወቀሰ። በእንግሊዝኛ «ስፑኪ አክሽን አት አ ዲስታንስ» ተብሎ ተተረጎመ። አንስታይን ፈርቶ አልነበረም። «ይሄ የመናፍስት ሥራ ይመስላል፣ ፊዚክስ አይደለም» ማለቱ ነበር፣ ሽሙጥ አለበት። ነገሩ በኋላ በሙከራ ተረጋግጦ አላን አስፔ፣ ጆን ክላውዘር እና አንቶን ዛይሊንገር በ2022 የኖቤል ሽልማት ወሰዱበት። የፊዚክስ ተማሪ ከሆናችሁና «የሚያስፈራ ድርጊት» ተብሎ ተተርጉሞ ካያችሁ አትመኑት። «መንፈሳም» ማለት ነው የሚቀርበው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ በተለይ አሜሪካ ለምትሄዱ። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ኢ» አትጣሏት። «ስፑክ» ብቻውን በአሜሪካ ለጥቁር ሰው የሚወረወር የቆየ ስድብ ነው። ሰላይ ለማለትም ይጠቀሙበታል። «ስፑኪ» ምንም ችግር የለበትም። «ስፑክ»ን ግን ከነጭራሹ ከአፋችሁ አታውጡት።

«ክሪፒ»፦ የሚቀፍ

አማርኛ ለዚህ የሚሆን ግሩም ቃል አለው። «ይቀፈኛል»። መዝገበ ቃላት «አስፈሪ» ብሎ ያልፈዋል እንጂ «ክሪፒ» ማለት የሚቀፍ ነው። ቃሉ በሆድ መሳብ፣ ቀስ ብሎ መዳህ ከሚል የመጣ ነው። ትል ክንዳችሁ ላይ ሲሄድ የሚሰማችሁን አስቡ። ፍርሃት ብቻ አይደለም፣ መጸየፍም አለበት።

ከሰው ጋር ሲሆን ልዩነቱ ይበልጥ ይጠራል። በቁጣ የሚጮህ፣ ጠረጴዛ የሚመታ፣ ሰክሮ ዱላ ያነሳ ሰው «ስኬሪ» ነው። ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፣ ትሸሻላችሁ። «ክሪፒ» የሆነው ግን አይጮህም። እንዲያውም ፈገግ ይላል። ወረፋ ላይ ቦታ እያለ ተጠግቶ ይቆማል። እጅ ሲጨብጥ ቶሎ አይለቅም። ባጃጅ ውስጥ «ቤታችሁ የትኛው ነው? ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?» እያለ በመስታወት ያያል። ምንም አላደረገም። ግን ሰውነታችሁ «ውረጂ» ይላችኋል። መውረድም ነው።

በ2016 ፍራንሲስ ማክአንድሩ እና ሳራ ኮንኬ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎች ማንን «ክሪፒ» እንደሚሉ ጠይቀው ነበር። ከሙያዎች ሁሉ አንደኛ የወጣው ምን መሰላችሁ? የሰርከስ ቀልደኛ፣ ፊቱን ቀለም የሚቀባው ክላውን። ተመራማሪዎቹ የሚሉት «ክሪፒ» የሚያሰኘው አደጋው መኖር አለመኖሩ አለመታወቁ ነው። የክላውን ሳቅ የተቀባ ነው፣ ከሥሩ ምን እንዳለ አይታይም። ከላይ ያልኩት የቴሌግራም ሰውዬም እንዲሁ ነው። አድናቂ ይሁን አድፍጦ የሚከታተል አይታወቅም፤ ለዚህ ነው «ክሪፒ» የሚሆነው። «እቤትሽ በር ላይ ነኝ» ብሎ ከጻፈ ግን «ክሪፒ» አይደለም። ያኔ «ስኬሪ» ነው፣ ሰው መጥራት ነው።

ይሄ ቃል ስድብ መሆኑን አትርሱ። ወንድን ልጅ «ክሪፒ» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ዝም የሚል፣ ዓይን አፋር የሆነ ልጅ ሁሉ «ክሪፒ» አይባልም፣ ግፍ ነው። ደግሞ መሥሪያ ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ አቤቱታ የምትጽፍ ሴት «ሂ ኢዝ ክሪፒ» ብላ ብትጽፍ አይጠቅማትም። ስሜት ብቻ ነው ይሏታል። ያደረገውን ትጻፍ። ስንት ጊዜ፣ የት፣ ምን ብሎ። ከዚያ «አንኮምፈርተብል» አደረገኝ ትበል። ወረቀት ላይ የሚሠራው ይሄኛው ነው።

ነገሮችም «ክሪፒ» ይሆናሉ። ዓይኗ አንድ የጠፋ አሻንጉሊት፣ ጣሪያ ላይ የሚርመሰመስ ነገር፣ ስለ አንድ ዕቃ አውርታችሁ ስትጨርሱ ስልካችሁ የዚያኑ ዕቃ ማስታወቂያ ሲያመጣ። ይሄኛውን እንኳ የማይቀፈው ሰው ያለ አይመስለኝም።

«ኢሪ»፦ ጭር ያለ

ጅሬን ወጥታችሁ ታውቃላችሁ። በፈረንጆቹ ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር የእንጨት ቤተ መንግሥት እዚያ ኮረብታ ላይ ነው። ሰው ሲበዛበት ያምራል። ግን አመሻሽ ላይ የመጨረሻው ቡድን ሲወርድ ያለውን ዝምታ አስቡት። ከሥር ከተማው ይታያል፣ ድምፁ ግን አይደርስም። ሰገነቱ ላይ እንጨት ሲጥ ይላል። ማንም የለም። ሰውነታችሁን ውርር ያደርጋችኋል።

ይሄ «ኢሪ» ነው። ከስኮትላንድና ከሰሜን እንግሊዝ የመጣ የድሮ ቃል ነው። «ስፑኪ» የጨዋታ መንፈስ አለው፣ «ኢሪ» ጨዋታ አያውቅም። መኖር የነበረበት ነገር ሲጎድል ይመጣል። የሰው ድምፅ፣ የወፍ ጩኸት፣ እንቅስቃሴ። በገበያ ቀን ሄርማታ ገበያ ሄዳችሁ አንድም ሰው ባታገኙ «ኢሪ» ነው። ሸቤ አካባቢ በበለጤ ጫካ በኩል ስታልፉ ጉም መንገዱን ሲውጠው፣ ጉሬዛዎቹ በድንገት ዝም ሲሉ «ኢሪ» ነው። የጽሑፍ ቃል ነው በአብዛኛው። «ኢሪ ሳይለንስ» የሚለው ጥምረት በጣም የተለመደ ነው፣ እንዳለ ውሰዱት።

አስጎብኚ ለሆናችሁ ልጆች ደግሞ አንድ ምክር። ቱሪስት ይዛችሁ «ዚስ ኢዝ አ ስኬሪ ፓላስ» አትበሉ። ፎቁ የሚደረመስ መስሎት ወደ ኋላ ይላል። ግርማ ሞገሱን ለማለት ፈልጋችሁ ከሆነ «ማጀስቲክ» ወይም «ኢምፕሬሲቭ» በሉ። አመሻሽ ላይ ያለውን ጭርታ ለማለት ከሆነ «ኢሪ»። የመንፈስ ተረት ልትነግሯቸው ከሆነ ብቻ «ስፑኪ»። ማን ያውቃል፣ ጉርሻው ይጨምር ይሆናል።

ጅቡንም በዚሁ መንገድ ብታዩት ይገባችኋል። አልጋችሁ ላይ ተኝታችሁ በሩቅ ሲጮህ ብትሰሙት «ኢሪ» ነው። እንደ ሰው የሚስቅ የሚመስለውን ድምፅ ሲያወጣና ከአጠገባችሁ የተኛው ወንድማችሁ «ይሄ እኮ ጅብ አይደለም» ቢላችሁ «ስፑኪ»። መንገድ ላይ ፊት ለፊት ቢቆም «ስኬሪ»። ወደ እናንተ መሮጥ ቢጀምር «ቴሪፋይንግ»። እንስሳው ያው ነው። የተለወጠው እናንተ ያላችሁበት ቦታ ነው።

«አንካኒ» የሚባል ጎረቤት ቃልም አለ። የምታውቁት የሚመስል ግን ትክክል ያልሆነ ነገር። ጃፓናዊው የሮቦት ሊቅ ማሳሂሮ ሞሪ በ1970 እንደጻፈው፣ ሮቦት ሰው እየመሰለ ሲሄድ ይወደዳል፤ ሰው ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ግን በድንገት ይቀፋል። ዛሬ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠሩ ፊቶች ስታዩ የሚሰማችሁ እሱ ነው። ቃሉ ለአድናቆትም ሊሆን ይችላል። «አንካኒ» መመሳሰል ሲሉ የሚገርም መመሳሰል ማለታቸው ነው።

የደም ቃላት

«ሆሪፋይንግ» እና «ሆሪፊክ» ላይ ስትደርሱ ጨዋታው ያበቃል። ዘግናኝ፣ አሰቃቂ። ብዙ ሰው የሞተበት አደጋ፣ ጭፍጨፋ፣ ሕፃን ላይ የተፈጸመ ግፍ። የላቲን ሥሩ ጸጉር መቆም ነው፤ እኛም «ጸጉሬ ቆመ» እንላለን። ዜና የምትተረጉሙ ከሆነ «አሰቃቂ አደጋ»ን «ስኬሪ አክሲደንት» አትበሉት፣ ሞቱን ያቀለዋል። «ሆሪፊክ» ነው። አስከሬኑ፣ ቁስሉ፣ ደሙ የሚታይ ከሆነ ደግሞ «ግሩሰም» አለ። ድምፁ ከኛ «ግሩም» ጋር ይመሳሰላል፤ ለምግብ ማድነቂያ እንዳታደርጉት አደራ።

«ሆሪብል» ግን ከዚህ ቤተሰብ ወጥቶ ረክሷል። ዛሬ «ሆሪብል» ማለት በአብዛኛው «በጣም መጥፎ» ነው። ቡናው «ሆሪብል» ነው ካሉ የሚያስፈራ ቡና አይደለም፣ የተቃጠለ ነው። ጅማ ተቀምጠው እንደዚያ ካሉ ደግሞ ደፋር ናቸው። «ቴሪብል»ም ያው ነው። «ኦፉል»ም ያው። ሦስቱንም ለፍርሃት አትጠቀሙባቸው።

በጣም የሚያሳስተው «ቴሪፊክ» ነው። ከ«ቴሪፋይንግ» ጋር መንታ ይመስላል፣ የወጡትም ከአንድ ሥር ነው። ግን «ቴሪፊክ» ማለት ግሩም፣ ምርጥ ማለት ነው። ፈረንጅ ምግባችሁን ቀምሶ «ቴሪፊክ!» ካለ አትደንግጡ፣ ጨምሩለት። ድሮ የሚያስፈራ ማለት ነበር፣ ከጊዜ በኋላ ተገለበጠ። ይሄ የሚገርመው ካለ ወደ ራሱ ቋንቋ ይመልከት። በግዕዝ «ግሩም» የሚያስፈራ፣ የሚያስደነግጥ ማለት ነበር። ዛሬ «ግሩም ምሳ» እንላለን። አሮጌው ትርጉም የቀረው «ግርማ ሌሊት» ስንል ነው። በእንግሊዝኛም «ኦፉል» እና «ኦሰም» ከአንድ ሥር ወጥተው አንዱ ወረደ፣ አንዱ ወጣ።

ለፈተና፣ ለሥራ፣ ለጥናት ጽሑፍ

እዚህ ነው ብዙ ልጅ የሚጎዳው። በአማርኛ ሁሉንም «ያስፈራል» ስለምንል በእንግሊዝኛም ሁሉንም «ስኬሪ» እናደርገዋለን። የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ «ስኬሪ» አይጻፍም።

ቁጥር ከሆነ «አላርሚንግ» ነው። የወባ ታማሚ ቁጥር ጨመረ፣ የቡና በሽታ ተስፋፋ፣ የቦዬ ረግረግ መሬት ተመናመነ፤ «አላርሚንግ»። የሚያሳስብ፣ ደውል የሚያስደውል ማለት ነው። ሥራው ከብዶ ወኔ የሚያሳጣ ከሆነ «ዶንቲንግ»። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የመማሪያ መጽሐፉን ውፍረት አይቶ የሚለው ነው። ሰው ከሆነ፣ ማለትም ቁጣ ሳይኖረው በእውቀቱ ወይም በሥልጣኑ ፊቱ መናገር የሚያቅታችሁ ፕሮፌሰር ከሆነ «ኢንቲሚዴቲንግ»። እሱን «ስኬሪ» ብላችሁ ከጻፋችሁ የሚማታ ይመስላል፣ «ክሪፒ» ካላችሁ ደግሞ ስሙን አጠፋችሁ።

ቃለ መጠይቅ ላይ «ስኬርድ ነኝ» ከማለትም «ነርቨስ ነኝ» ይሻላል። «ስኬርድ» የሚሸሽ ሰው ነው፣ «ነርቨስ» ግን ልቡ እየመታም የሚቀመጥ ነው። ፈታኞቹም ያውቁታል፣ ብዙ ጊዜ ፈገግ ብለው ውኃ ይሰጧችኋል።

ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለውን ሰው በእነዚህ በአንዳቸውም አትጥሩት። ለእሱ «ጎድ ፊሪንግ» የሚል የራሱ አጠራር አለው።

የቀረችው «አይ አም አፍሬድ» ናት። ለስኮላርሺፕ አመልክታችሁ የመጣው ኢሜይል በዚህ ከጀመረ የፈራ ሰው የለም። «እናዝናለን» ማለት ነው፣ ከኋላው የሚመጣው መጥፎ ዜና ነው። እናንተም ተጠቀሙበት። ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ የምትሠሩ ልጆች፣ የምርቃት ሰሞን አልጋ ሁሉ ሲያዝ ፈረንጅ ሻንጣውን ይዞ ቢመጣ «ኖ ሩም» ብላችሁ አትሸኙት። «አይ አም አፍሬድ ዊ አር ፉል» በሉትና አልጋ የሚያገኝበትን ሌላ ሆቴል አሳዩት።